አባባ ብቻ የሚከፍተው ቴሌቪዥን

ዘንድሮ ቤታችን ሁለቴ አዘነ። መጀመሪያ አባቴ ሞተ፤ ቀጥሎ ቴሌቪዥናችን። አባባ ሲሞት ሰፈሩ በሙሉ አለቀሰልን፤ ቴሌቪዥኑ ሲሞት ግን ሰፈሩ በሙሉ ቴክኒሻን ሆነ። የትኛው እንደሚከብድ ላጫውታችሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ብቻ መሃል ላይ ስስቅ ብታዩኝ አትቀየሙኝ፤ እንባዬ ቢመጣም አትደንግጡ። ይህን ነገር ባወራሁ ቁጥር ሁለቱ እየተቀላቀሉ ያስቸግሩኛል።

በቅድሚያ ቴሌቪዥኑን ላስተዋውቃችሁ። ዛሬ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀሉት ስስ ቴሌቪዥኖች ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከፊቱ ጀርባው ይበልጣል፤ ለፊቱ አንድ ጠረጴዛ፣ ለጀርባው ደግሞ አንድ የቤት ጥግ ይፈልጋል። መጀመሪያ ወደ ቤት የገባ ቀን በሩ አላስገባው ብሎ አንድ መስኮት ከነፍሬሙ ተነቅሎለታል ይባላል። አባባ ሲያወራው መስኮቱ ሁለት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ የግድግዳ ቁራጭም ተጨመረበት።

አባባ የመንግሥት ሹፌር ነበር። ከሶዶ ሃላሌ፣ ከሃላሌ ተበላ ሲመላለስ፣ የክረምቱን ጭቃና የበጋውን አቧራ ሲበላ ኖሮ፣ አንድ ቀን የመኪናውን ቁልፍ አስረከበና ቤት ገባ። ቤት ሲገባ የሚታዘዝለት ነገር አጣ። እህቶቼ አግብተው ሄደዋል፣ እኔም ቢሮ ገብቼ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ማየት ጀምሬአለሁ፣ ዶሮዎቹ እንኳ የሚሰሙት የእማዬን ድምፅ ብቻ ነው። የቀረለት ቴሌቪዥኑ ነበር። ቴሌቪዥኑ ደግሞ የሚታዘዘው ለእሱ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማታ የወላይትኛው ዜና ሊጀምር ሲል አባባ ከወንበሩ ይነሳል። ሹራቡን ወደ ታች ይጎትታል። አንዴ «እህም!» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ቀኝ ትከሻው ላይ በመዳፉ ጧ ያደርግና «ተነሺ አንቺ!» ይላል። መኪናውንም ሲያስነሳ እንዲሁ ነበር የሚለው። ቴሌቪዥኑ አንድ ጊዜ ያጉረመርምና ይበራል። አንዳንድ ማታ ታዲያ ያስቸግረዋል። ይመታዋል፣ ዝም። ይደግመዋል፣ ዝም። መዳፉ ቲማቲም እስኪመስል ይመታውና በመጨረሻ ሲበራለት እጁን እያሻሸ ይቀመጣል።

«ዛሬ ደግሞ አኩርፋለች» ይላል።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» ትላለች እማዬ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ ቦሎቄዋን እየፈለፈለች።

ሌላ ሰው መትቶ ከፍቶት አያውቅም። እኔ ሞክሬአለሁ፤ እጄን አመመኝ እንጂ ያተረፍኩት የለም። አባባ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ያደረ ማታ ቤታችን ጸጥ እንዳለ ያድራል፤ «ባለቤቱ የለም» ትላለች እማዬ። እኛም ነገሩን ለምደነው፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከቤቱ የተማርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አባባ በልቡ ታመመና ብዙም ሳያስቸግረን ሄደ። ለቅሶው እንደ ደንቡ ነበር፤ ድንኳኑ ተተከለ፣ መዘምራኑ መጡ፣ ጎዳሬው ተቀቀለ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ ይዞርና ነጠላ ይለብሳል። ሐዘኑ አበቃ ሲባል የዕድሩ ሽማግሌ መጥተው ነጠላውን ይገፍፋሉ፣ ያዞሩታል፣ ይከፍቱታል። ቤቱ ድምፅ ሲሰማ ያኔ ሐዘን ወጣ ይባላል። ዘመዶች ይሸኛሉ፣ ለቅሶ ደራሽ ማመላለስ ይቀራል፣ ባለ ሐዘኗም ገበያ መውጣት ትችላለች። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ድሮ ቴሌቪዥን ሳይኖር ምን ያዞሩ እንደነበርም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

የእኛ ዕድር ሽማግሌ ጋሽ ባሳ ናቸው። የአባባ የልብ ጓደኛ። በተባለው ቀን መጡና ቤት ሙሉ ሰው ባለበት ነጠላውን ከመግፈፋቸው በፊት ጸሎት ጀመሩ። ጸሎቱ ከዳሞታ ተራራ ተነሥቶ፣ አገሪቱን ዞሮ፣ ለገበሬው ዝናብ ለምኖ፣ ለተፈታኝ ተማሪዎች ማስተዋልን ጠይቆ፣ በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ላይ ደረሰ። «አሜን» አልን። ነጠላው ተገፈፈ። ቴሌቪዥኑ በአራት ሰው ትከሻ ዞረ። ጋሽ ባሳ ሪሞቱን ተጫኑት።

ዝም።

ሁላችንም ዝም ብለን ዝም ያለውን ቴሌቪዥን አየነው። ሪሲቨሩም አብሮ ሞቷል። ትንሽ የሚያስብ ሰው ቢሆን ኖሮ «ሁለት ዕቃ ባንዴ እንዴት ይሞታል?» ብሎ እዚህ ላይ ቆም ይል ነበር። እኔ ግን «ሐዘን ነው» አልኩ፤ ራሴም አመንኩት።

«ቴሌቪዥኗ ሞቷል» አሉ ጋሽ ባሳ። የጋሽ ባሳ አማርኛ ለሴትና ለወንድ ብዙ አይጨነቅም።

«ታዲያ ሐዘኑስ?» አለ ከኋላ አንዱ።

እዚህ ላይ ስብሰባ ተጀመረ። ደንቡ ቴሌቪዥን ሲናገር ነው የሚለው፤ ካልተናገረስ? በሞባይል ብንከፍትስ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ሞባይል ለቅሶ ቤትም ሲጮህ ነው የሚውለው ተብሎ ወደቀ። ሬዲዮ ይበቃል የሚሉ ተነሡ፤ የሬዲዮ ሐዘን ሌላ የቴሌቪዥን ሐዘን ሌላ ነው ተባሉ። ጎዳሬው እየቀዘቀዘ፣ የሚያቃጥለው ዳጣ እየተጨለፈ፣ በመጨረሻ ጋሽ ባሳ ወሰኑ፦

«ቴሌቪዥኗ እስኪነሳ ሐዘኑ ይቀጥላል። ደንቡን እኛ አላመጣነውም።»

እኔ የፈራሁት ደንቡን አይደለም። የፈራሁት እማዬን ነው። አባባ ከተቀበረ ጀምሮ ከዚያ ወንበሯ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። ጠዋት ትቀመጣለች፣ ጋቢዋን እግሯ ላይ ትጥላለች፣ ነጠላ የለበሰውን ቴሌቪዥን እያየች ትውላለች። ምግቡን ቀምሳ ትመልሰዋለች። አንገቷ ቀጥኖ የቀሚሷ ኮሌታ ሰፍቷት ነበር። «ቤቱ ድምፅ ይስማ እንጂ ትበላለች» ይሉኝ ነበር ሴቶቹ፤ እኔም ይህንኑ ተስፋ አድርጌ ነበር። እንዲያው አንድ ምሽት ዜና ሰምታ አንድ ጉርሻ ብትጎርስልኝ ምን አለበት?

ታዲያ ጥገናው ተጀመረ። የመጀመሪያው ዙር የዱላ ዙር ነው። አባባ ሲመታው ያላየ ሰው በሰፈሩ የለምና ሁሉም «እንዲህ ነበር የሚመታው» እያለ መጣ። አንዱ ከላይ ነው አለ፣ አንዱ ከጎን ነው አለ፣ አንዷ ደግሞ ምቱ ሳይሆን ንግግሩ ነው የሚያስነሳው ብላ ድርቅ አለች። «ተነሺ አንቺ!» ሲባል ዋለ። ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል እንዳልል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ነው ያለው።

በመጨረሻ ጋሽ ባሳ ተነሡ። የራሳቸውን ሹራብ ወደ ታች ጎተቱ። «እህም!» አሉ። ቤቱ ቀጥ አለ፤ የአባባ ድምፅ ነበርና። ስንት ዘመን አብረው ተቀምጠው የተማሩት ድምፅ ነው፤ ማሳሉ፣ መጎተቱ፣ አቋቋሙ፣ ሁሉም አባባ ነው። ጧ! «ተነሺ አንቺ!»

እማዬ ቀና አለች። ከጋቢዋ ስር እግሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በርዷታል አልኩና ሮጬ ሌላ ጋቢ አምጥቼ እግሯን ጥቅልል አድርጌ ሸፈንኩላት። ቴሌቪዥኑ ዝም እንዳለ ቀረ። ጋሽ ባሳ ግንባራቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ አስደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ እኛም ተከተልናቸው። ጥገና ልናደርግ ተሰብስበን ለቅሶውን እንደ አዲስ ጀመርነው።

ሁለተኛው ዙር የባለሙያ ዙር ነው። ከመሄዴ በፊት በእውቀቴ የቻልኩትን መርምሬአለሁ። የግድግዳው ሶኬት ላይ የስልኬን ቻርጀር ሰክቼ አየሁ፤ ይሠራል። መብራት አለ። ፊውዝ ደህና ነው። ስለዚህ በሽታው ያለው ሆዱ ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከግድግዳው ሶኬት እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ ስላለው ገመድ ማሰብ የሚባል ነገር አልመጣልኝም። ገመዱ በምንጣፉ ጠርዝ ሄዶ በእማዬ ወንበር ስር ነው የሚያልፈው። ሐዘን የተቀመጠችን ሴት ደግሞ «ተነሺ ስርሽን ልይ» የሚል ወላይታ እስካሁን አልተወለደም።

ቴሌቪዥኑ እንዳይጋጭብኝ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በበሩ ያለ ችግር አውጥቼ (የመስኮቱ ወሬ የአባባ ፈጠራ ነበር ለካ)፣ ባጃጅ ጠርቼ፣ ጭኔ ላይ አቅፌው ወደ ገበያ ወረድኩ። ባጃጁ በኮብልስቶኑ ላይ በዘለለ ቁጥር «አይዞሽ» እላለሁ። መንገድ ዳር የተቀመጡ ሽማግሌዎች በጋቢ የተጠቀለለውን አዩና ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙልን። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ ያየኛል።

«ወንድሜ፣ ታማሚ ነው እንዴ?»

«ቴሌቪዥን ነው።»

«አይ፣ ፊትህን አይቼ ነው» አለ፣ ፍጥነቱንም ቀነሰልኝ።

ቴሌቪዥን ጠጋኙ ከድር ዕቃ የሚሸጥበትም የሚጠግንበትም ያው የአባቱ ሱቅ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ ይህን ቴሌቪዥንም ለአባባ የሸጡት እሳቸው ናቸው። ከድር ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ።

«የጋሽ አንጁሎ አይደለች? አውቃታለሁ ወላሂ! እኔ ነኝ ከአባቴ ጋር ያሸከምኳቸው። አላህ ያጽናችሁ።»

ይህን እያለ ሰካው። ቴሌቪዥኑ አጉረመረመና በራ። የድምፁ ማዞሪያ እስከ ጥግ ዞሮ ስለነበር ሱቁን አናወጠው። አባባ ጆሮው ከብዶት ነበር ለካ፤ በድምፁ ከፍታ ነው ያን ጊዜ ያወቅኩት። ከድር ሊቀንሰው እጁን ሲዘረጋ «ተወው፣ አትንካው» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነው፣ ከፍቶኝም ነው።

ቤት መልሼ አመጣሁት። ሰካሁት። ዝም። አቅፌው ተመልሼ ወረድኩ። ከድር ሰካው፤ በራ። እንዳይሳሳት ብሎ አሳድሮ ሲያሠራው ዋለ። ቤት አመጣሁት፤ ዝም። እነዚያ መንገድ ዳር ያሉት ሽማግሌዎች ለመቆም እንኳ ሰለቻቸው። «አሁንም አልተቀበረም?» አለኝ አንደኛው።

«ለመሆኑ ቤታችሁ መብራት አለ?» አለ ከድር።

«ስልኬ ሞልቷል እኮ!»

እህቶቼ ወሬውን ሰሙና ተዋጥተው አዲስ ስስ ቴሌቪዥን ላኩ። ካርቶኑን እማዬ ፊት አቆምኩት። ከቤተሰቡ ጋር የምትነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ እኔ እዚህ የምጽፍላችሁ በአማርኛ ነው እንጂ።

«ይኼ ነው?» አለች።

«አዎ እማዬ። ስስ ነው፣ ጥራቱ ደግሞ ሌላ ነው። ልክፈትልሽ?»

ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ጎንበስ ብላ ዙሪያውን አየችው።

«ትከሻ የለውም» አለች። «አባትህ ይህን የቱ ጋ ይመታዋል?»

ካርቶኑን ጓዳ ወስጄ እንዳለ አስቀመጥኩትና እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

በዚህ መሃል ከተበላ አጎቴ ማርቆስ መጡ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሁምቦ ሙዝ በኩንታል ይዘው፣ ሐሳባቸውን ደግሞ አስቀድመው ቆርጠው ነው የመጡት።

«እህቴን ይዣት እሄዳለሁ» አሉኝ ደጅ ወስደው። «እዚህ የሞተ ሳጥን ስታይ ውላ ልታልቅ ነው። እዚያ ልጆች አሉ፣ ጫጫታ አለ።»

«አጎቴ፣ ቴሌቪዥኑ ቢከፈት እኮ…»

«እስከ ነገ ማታ ከከፈትከው ይሁን፣ ትቅር። ካልተከፈተ በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ እንሄዳለን።»

እማዬን ጠየቅኳት። «እንደፈለጋችሁ» አለች። እንደፈለጋችሁ ስትል ደግሞ ፊቷን አታዞርም፤ ቴሌቪዥኑን ነው የምታየው። እሷ ከሄደች በዚያ ቤት የምቀረው እኔ ነኝ፤ እኔና ያ ጥግ ያለው ሳጥን። ቢሮ ውዬ ስመለስ በሩን ራሴ ልከፍት ነው፤ «ገባህ?» የሚለኝ ሊጠፋ ነው። ሰው በዚህ ዕድሜው እናቴ ሄደችብኝ ብሎ ቢያለቅስ ያስቃል፤ እኔን ግን አላሳቀኝም።

ከድርን ለመንኩት፤ በማግስቱ ሥራውን ዘግቶ ቤት ድረስ መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ሲገባ ቀድሞ ያደረገው ነገር ቢኖር እማዬ ፊት ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት ነው።

«እትዬ አስቴር፣ አላህ ያጽናዎት።»

«አሜን፣ ልጄ።»

ቴሌቪዥኑን ከፊቱ ነካ፣ ከኋላው አየ። ከዚያ ገመዱን በዓይኑ ተከተለው። ገመዱ ከጠረጴዛው ወረደ፣ በምንጣፉ ጠርዝ ሄደ፣ እማዬ ወንበር ስር ገባ። ከድር እዚያ ላይ ቆመ።

«እንዳታስነሳት አደራ» አልኩት በጆሮው።

«አላስነሳትም።»

ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ወንበሩ ስር አየ። ቀና ሲል እማዬ ታየዋለች። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። ከድር መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ቦርሳው ውስጥ መለሰና ተነሣ። ተከትዬው በር ላይ ያዝኩት።

«ምን አገኘህ?»

«ቴሌቪዥኗ ጤነኛ ናት።»

«ታዲያ ለምን አትበራም?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ከዚያ «ወንድሜ፣ እኔ የምጠግነው ዕቃ ነው» ብሎኝ ሄደ። ተናደድኩ። አልቻልኩም ማለት አፍሮ ነው ብዬ በሆዴ ሰደብኩት።

ማታ ሆነ። የዜናው ሰዓት ደረሰ። አጎቴ ማርቆስ እጃቸውን ሰብስበው ተነሡ። መሬት የቆፈረ እጅ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ሲያቀምሱት ከጀርባው የስንት ዓመት አቧራ ቦነነ። ምንም የለም። ደገሙት፤ የግድግዳው ፎቶ ወደቀ እንጂ እሱ አልነቃም።

«በቃ፣ ፈርዶባታል» አሉ፤ እጃቸውን እያራገፉ ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ወጡ። የእማዬ ሻንጣ በሩ ጎን ቆሟል። ሻንጣው የአባባ የመስክ ሻንጣ ነው።

ቤት ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ ቀረን። ሄጄ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩ። ለእሷ መናገር ያቃተኝን ለሱ ተናገርኩ።

«እባክሽ ተነሺ» አልኩት። «አባባ ሄደ። ነገ ጠዋት እሷም ትሄድብኛለች። እኔ እዚህ ብቻዬን ምን ልሁን? አንድ ጊዜ ብቻ ተነሺልኝና ትቅር…»

ድምፄ ተቆረጠ። ጉሮሮዬን ለመጥረግ «እህም» አልኩ። ሹራቤንም ሳላውቀው ወደ ታች ጎትቻለሁ። እጄን አንሥቼ ትከሻውን መታሁት፤ መታሁት አይባልም፣ እጄ ወደቀበት ነው የሚባለው።

«ተነሺ አንቺ…»

ቴሌቪዥኑ አጉረመረመ። በራ። የወላይትኛው ዜና አንባቢ በአባባ የጆሮ ልክ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

ዘወር ስል እማዬ እያለቀሰች ነው። የእግሯ ጋቢ ተገፍቷል። ቀኝ እግሯ ከነጠላ ጫማው ወጥቶ ወንበሩ ስር ገብቷል፤ አውራ ጣቷ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ በተሰኩበት ኤክስቴንሽን ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ አርፏል።

ያን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። እግሯን አያለሁ፣ ቴሌቪዥኑን አያለሁ፣ ተመልሼ እግሯን አያለሁ።

«አንቺ ነሽ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«ጡረታ የወጣ ሰሞን» አለች እንባዋን በጋቢው እየጠረገች፣ «አንድ ማታ አልከፈት አለው። ለካ እኔ ሳላውቅ በእግሬ አጥፍቼዋለሁ። እሱ ደግሞ ተናዶ መታው፤ እኔ በዚያው ቅጽበት አገኘሁትና አበራሁት። ፊቱን ብታየው! ‹አየሽ አስቴር፣ እጄ ገና አልሞተም› አለኝ። እንዴት ብዬ እኔ ነኝ ልበለው? ከዚያ ወዲያ እሱ ሲመታ እኔ እነካለሁ። ሲያጠፋም ‹በቃሽ፣ እደሪ› ሲል እነካለሁ።»

«ያስቸገረው ጊዜስ? እጁ እስኪቀላ የሚመታው?»

እንባዋ መሃል ፊቷ ፈካ አለ።

«ያስቀየመኝ ቀን ነዋ።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። አባባ ከሞተ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሳቁም ብዙ አልቆየም፣ መልሶ ለቅሶ ሆነ።

«ታዲያ እማዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ? እኔ በባጃጅ ስንከራተት፣ ሰው ሁሉ ሲደበድበው…»

«እሱ ሳይመታው ልክፈተው?» አለች። «ሌላ ሰው መትቶት ከተከፈተ እሱ የለም ማለት ነው። ሐዘን ወጣ ትላላችሁ፣ ሰዉ ይበተናል፣ እኔ ግን የት እወጣለሁ? ባሳ እንደሱ ሲያስል ልከፍተው ነበር። እግሬ ራሱ ሄዶ ነበር። ጋቢ ደረብክብኝ።»

«ዛሬስ ለምን ከፈትሽው?»

እጄን ሳበችና መዳፌን ገልብጣ አየችው።

«ታ ናኣው» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው፤ «እሱን ስል አንተን ረሳሁህ። አባትህስ አንተን ቢያይ ምን ይለኛል?»

ይህን ጊዜ አጎቴ ማርቆስ ውሃ የሚንጠባጠብ እጃቸውን ይዘው ዘለው ገቡ። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ስናለቅስ አዩ።

«አላልኳችሁም!» ብለው ጮኹ። «የውስጡን ያላላሁት እኔ ነኝ! አንተ ነካ ስታደርገው ነው የለቀቀው!»

እማዬ በዓይኗ ተወው አለችኝ። ተውኩት። አጎቴ በማግስቱ ብቻቸውን ተበላ ተመለሱ፤ እዚያ ዛሬ ድረስ በቴሌቪዥን ጠጋኝነታቸው ይታወቃሉ። ጋሽ ባሳ ደግሞ መጥተው ሐዘን መውጣቱን አወጁ። የምስጋና ጸሎቱም ከመጀመሪያው አላጠረም፤ ጸሎት ዘግይቶም ቢሆን እንደሚሰማ ለዕድርተኛው ለማስረዳት ሰፊ ጊዜ ወሰዱ። ከድርን ሱቁ ድረስ ሄጄ አየሁት። ሳቀልኝና አሮጌ ሪሞት እየፈታ ሥራውን ቀጠለ።

እማዬ አሁን ትበላለች። እንደ ድሮዋ አይደለም፣ ግን ትበላለች። ገበያም ወጥታለች። አንዳንድ ቀን ዜናው ሲነበብ ቴሌቪዥኑን ትታ አባባ ይቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ ታያለች፤ ያኔ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደርግላታለሁ።

በየማታው እኔ እነሣለሁ። ሹራቤን እጎትታለሁ፣ «እህም» እላለሁ፣ እመታለሁ። እሷም ቦሎቄዋን እየፈለፈለች ወደ እኔ ሳታይ ትነካለች። ስለ እግሯ ዳግመኛ አላነሣንም። እኔም እጄ ነው የሚያስነሳው እንደሚል ሰው ነው የምሆነው።

ትናንት ከቢሮ ስመለስ ዳጣ ግዛ ያለችኝን ረስቼ ገባሁ። የዜናው ሰዓት ሲደርስ ተነሥቼ መታሁ፤ ዝም። ደገምኩ፤ ዝም። ዞር ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ ቦሎቄው ላይ ነው፣ ከንፈሯ ግን ሳቅ ለመደበቅ እየታገለ ነው። መዳፌ እየነደደ መታሁ፣ መታሁ፣ ዜናው ሊጋመስ ሲል በራልኝ።

ተቀመጥኩና መዳፌን ማሻሸት ጀመርኩ። ቲማቲም መስሏል።

«ዛሬ ደግሞ አኩርፋለች» አልኩ።

እማዬ መልስ ልትሰጠኝ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ያንን የቀላ መዳፌን አየችና፣ ቦሎቄውን ከጭኗ አውርዳ፣ በሁለት እጇ ይዛው ዜናው እስኪያልቅ ሳትለቀው ቆየች።